እትዬ ዶሪን ስንት ናቸው?

እትዬ ዶሪን በጥፊ ያጮሉኝ ቁርስ ላይ ነው። አጃውን አቅርቤ፣ ማንኪያውን ይዤ፣ «ትንሽ ይቅመሱ እንጂ» ብዬ ጎንበስ ስል ከወንበራቸው ብድግ አሉና ጧ! የሰማንያ ስድስት ዓመት ሴትዮ ናቸው፤ ከሶፋ ተነስተው መታጠቢያ ቤት ለመድረስ እንኳ የኔን ክንድ ይፈልጋሉ። «ልጄን ከእጄ ነጥቀሽ ስታበቂ፣ እዚህ ቤት አንድ ማንኪያ አታነሺም!» አሉኝ። ድምፃቸው ቤቱን ሞላው። ማንኪያዬን እንደያዝኩ ክው ብዬ ቀረሁ። ወዲያው ፊታቸው ፈታ አለና፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ደህና ወጣ? ወይስ እንድገመው?» ብለው ጠየቁኝ። እንድገመው! ጉለሌ ተወልጄ፣ ለሦስት ወንድሞች ታናሽ ሆኜ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ጥፊ አውቃለሁ። የመታ ሰው ወይ ይሸሻል ወይ ይቅርታ ይላል እንጂ እንድገመው ሲል ሰምቼ አላውቅም። የባሰው ደግሞ ጉንጬን ብዳስሰው አላመመኝም። ድምፁ በር የተወረወረ ያህል ነበር፣ እጃቸው ግን ቆዳዬን ነካ አድርጎ ብቻ ነው ያለፈው። ያልመታ እጅ እንዴት ይጮኻል? በኢየሱስ ስም አልኩ።

እዚህ ቤት ከገባሁ አራት ወር ሆኖኛል። እዚሁ ሚኒሶታ፣ ከቡርንስቪል ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ድረስ በየጠዋቱ ድራይቭ አደርጋለሁ፤ ሌሊት ከምታድረው ተንከባካቢ፣ ከዳራርቱ ላይ ሺፍት እቀበላለሁ፣ እስከ ከሰዓት እቆያለሁ። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ምንጣፉ አጃ የመሰለ፣ ግድግዳው አጃ የመሰለ፣ ሳሎን ውስጥ ትልቅ ቲቪ አለ፣ አንድ ቀን ግን ሲከፈት አላየሁም። ሊንዚ፣ ልጃቸው፣ ቢሮ ትሠራለች፤ ወደ ስልሳ የሚጠጋት፣ ያላገባች፣ ቁጥብ ሴት ናት። አባትየው ሲሞቱ እናቷን ከእንግሊዝ አገር ወደዚህ ካመጣች ሰባት ዓመት ሆኗታል። ክፉ አይደለችም። ሳጥኗ ስድስት ዶላር ከዘጠና ዘጠኝ የሚያወጣውን እንጆሪ በዚህ በጥር ወር ለእናቷ ገዝታ ታመጣለች። ግን ታስቀምጠዋለች እንጂ አታቀርበውም። «እንዴት ዋለች?» ትለኛለች፣ «ደህና» እላታለሁ፣ በቃ። ቤት በምትሆንበት ቀን እናትና ልጅ ትይዩ ተቀምጠው ሲበሉ የሚሰማው የሹካ ድምፅ ብቻ ነው። እኛ አገር የተጣላ ሰው እንኳ «ጨው አቀብይኝ» ይላል። እኔ ሥራዬን ነው የማውቀው ብዬ ዝም። ፋይላቸው ላይ፣ ኤጀንሲው በሰጠን ቅጽ፣ «የቀድሞ ሥራ» በሚለው ቦታ «የቤት እመቤት» ተብሎ ተጽፏል። የቤት እመቤት ናቸው ብዬ ነዋ የያዝኳቸው።

ዳራርቱ ነገሩን ያነሳችልኝ የዚያን ዕለት ጠዋት ሺፍት ስንቀያየር ነበር። ጫማዋን እያሰረች፣ «የትምዬ፣ እኔ ከዚህ ቤት ሾርባ አልቀምስም» አለችኝ እየሳቀች። «ምነው?» ብላት፣ ሴትዮዋ ከእንቅልፋቸው ነቅተው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ «በሾርባው ውስጥ ጨመርኩት፤ እስከ መጨረሻዋ ማንኪያ ጠጣት» ማለታቸውን ነገረችኝ። ያውም በሌላ ሰው ድምፅ። «ዋቃዮ ኮ፣ አምላኬ! ባላቸውን ይሆን እንዴ?» ብላ ሄደች። እኔም ስቄ ነበር። ጥፊውን ስቀምስ ግን ሳቁ ጠፋ። አንዴ የገረድ ድምፅ፣ አንዴ የእመቤት ድምፅ፣ አንዴ ሳል የያዛት የሰፈር አሮጊት ድምፅ ሲያወጡ እኔም ራሴ ሰምቻለሁ፤ እንግሊዝኛዬ የሚኒሶታ ስለሆነ የነሱን አገር አነጋገር አልለይም ብዬ አልፌው ነው። አሁን አንድ ላይ ገጣጠምኩት። ሲኒውን እንኳ በሁለት እጅ የሚይዙ ሴትዮ ያንን ጉልበት ከየት አመጡት?

ወንድም ሐጌጋ ደወልኩ። ወንድም ሐጌ ክሪስታል ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት አገልጋይ ነው፤ በሥራው የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፣ እረፍት ላይ አገኘሁት። ሁሉንም ዘረገፍኩለት። «እህት የትምወርቅ፣ መጀመሪያ የጤና ነገር መሆኑን አጣሪ» አለኝ፤ ይሄን ብሎኛል፣ አልዋሽበትም። ቀጥሎ ግን፣ «መንፈስ ከሆነ ዝም ብለሽ ውጣ ውጣ አትበይ። ስሙን ጠይቂው። ስንት እንደሆኑም ጠይቂ» አለኝ። የጤናውን ነገር በአንድ ጆሮዬ ሰማሁ፣ የስሙን በሁለቱም። እንግዲህ በሰው ቤት ሃይማኖት ማስገባት ክልክል መሆኑን አሳምሬ አውቃለሁ፤ ፈርሜበታለሁ። አንድ ሪፖርት ከተጻፈብኝ፣ ደካማ ሰው በደለች ከተባልኩ፣ በዚህ ስቴት ዳግመኛ አንድ ሽማግሌ አጠገብ አያስደርሱኝም። ሌላ ሙያ የለኝም፤ አሥራ አራት ዓመት የሠራሁት ሰው ማንሳት፣ ሰው ማጠብ፣ ሰው ማጉረስ ነው። መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ካሜራ አለ፤ ሊንዚ ከቢሮዋ በስልኳ ታያለች። ካሜራውን ረስቼው ነው ብል ውሸቴን ነው። የእግዚአብሔር ሥራ ከካሜራ አይደበቅም ብዬ ነው።

እትዬ ዶሪንን ሶፋው ላይ አስቀመጥኳቸው። በአማርኛ ልጀምር አልኩና መንፈሱ እንግሊዛዊ ከሆነ አማርኛ አይገባውም ብዬ አሰብኩ። ሳቁ እንጂ፤ በዚያ ሰዓት ግን ትክክል መስሎኝ ነበር። እጄን ዘርግቼ፣ በእንግሊዝኛ፣ ድምፄን ወፈር አድርጌ፣ «ስምህ ማነው?» አልኩ። እንግሊዝኛ ደጉ፣ ወንድ ሴት አይለይም። እትዬ ዶሪን ቀና ብለው አዩኝ። ክንዴን ሳይዙ ተነሱ። ጎባጣው ጀርባ ቀጥ አለ፣ አገጫቸው ከፍ አለ፣ በእኔ ራስ ላይ አሻግረው ግድግዳውን እያዩ፣ «ዶሪን ፔል» አሉ። «እሱን አይደለም! ውስጥ ያለው ማነው?» አልኩ። «አ!» አሉ፣ እንደ ገባው ሰው። «ከኤልሲ ልጀምር?» ጉልበታቸውን ሰበር አድርገው፣ የሌለ ትሪ ይዘው፣ በአንዲት የገጠር ኮረዳ ድምፅ «ሻይዎ ቀርቧል፣ ጌታዬ» ሲሉ ሲኒው ሲንቀጫቀጭ የሰማሁ መሰለኝ።  «ሌላስ?» አልኩ። ሚስስ ክሮል መጣች፣ ያቺ የሾርባዋ፤ እጇን በፎጣ እየጠረገች፣ «ጨው አነሰው ብሎኝ ነበር» ብላ ፈገግ አለች። «ሌላስ?» ሲስተር አግነስ መጣች። ነርስ ናት፤ ሶፋው ላይ ጎንበስ ብላ የሌለ ወታደር ዓይን በሁለት ጣቷ ከደነች፣ «ተኛ፣ እናትህን እኔ እጽፍላታለሁ» አለች። መንፈስ ሲያዝን አይቼ አላውቅም፤ እንባዬ መጣ፣ ራሴን ተቆጣሁ። ቀጥላ የመጣችው ማዳም ኦርላ ነበረች፤ ዓይኗን ገልብጣ ወደኔ እየጠቆመች፣ «በዚህ ክፍል ውስጥ የሞተ ሰው አለ» አለች። በቃ፣ ይሄ አበቃለት አልኩ። «ስንት ናችሁ?» ብዬ ጮህኩ።

«ወይ ውዴ» አሉ እትዬ ዶሪን በገዛ ድምፃቸው፣ እያሰቡ። «ሰባ ይሆኑ? ሰማንያ?»

ሰማንያ! መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለው ሌጌዎን፣ ያ የአጋንንት ጭፍራ ነው ትዝ ያለኝ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ፣ «አውት! ጌት አውት! ሁላችሁም፣ አሁን፣ ወደ ውጪ!» አልኩ፤ ጣቴንም ወደ በሩ ቀስሬያለሁ። እትዬ ዶሪን አልወደቁም፣ አልጮኹም። ዓይናቸውን ሰበር አደረጉ፣ ልክ እንቢ እንደተባለ ሰው። «አመሰግናለሁ» አሉ። «ስትፈልጉኝ ትጠሩኛላችሁ።» ቁጭ አሉ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ፣ ፊታቸው ጸጥ ያለ የሕፃን ፊት ሆነ። እኔ ሃሌ ሉያ! ምድር ቤት ወረድኩ፣ ልብሱን ከማድረቂያው ላውጣ ብዬ። ማድረቂያው እየጮኸ፣ ፎጣ እያጠፍኩ፣ ወንድም ሐጌን መልሼ ደወልኩለትና «ወጣ! ሁሉም ወጣ!» አልኩት፤ አብረን አመሰገንን። ስንት ደቂቃ እንደሆነ ቆይቶ ስልኬ ላይ አይቻለሁ፤ ዘጠኝ ደቂቃ። ፎጣውን ታቅፌ ደረጃውን ስወጣ እግሬ ላይ ብርድ ነካኝ። ሶፋው ባዶ ነው። የፊት ለፊቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። መስቀያው ላይ የነበረው የኔ ጃኬት የለም።

ከዜሮ በታች አሥራ አንድ ነበር። በሸሚዜ ሮጥኩ። አንዲት ሴት ከማዶ መኪናዋን እያሞቀች ነበር፤ ቆይታ እንደነገረችኝ አይታቸዋለች፣ ጃኬቱንና ደረቱ ላይ ያለውን ባጅ ስታይ እኔ መስያት አልፋለች። ወይ እኔ፣ ወይ እዳዬ። ጋራዡ ጥግ፣ አካፋ የገፋው በረዶ ከተቆለለበት ጀርባ አገኘኋቸው፣ የቤት ነጠላ ጫማ አድርገው፣ እጃቸውን ጃኬቴ ኪስ ከትተው፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል። ደግነቱ ጃኬቴ እስከ ጉልበት የሚደርስ ወፍራም ነው። «እትዬ ዶሪን፣ ይግቡ! ኧረ በፈጠረዎት ይግቡ!» «አልተጠራሁም» አሉኝ። ብጎትታቸው አልነቃነቅም አሉ። ባለቅስ አይሰሙኝም። «ውጪ ቆዪ ተብያለሁ። እስክጠራ።» «ውጪ» ያለቻቸው ማን ናት? እኔ አይደለሁ? ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፤ መንፈስ አልነበረም የታዘዘኝ፣ እሳቸው ናቸው የታዘዙኝ። ናይሮቢ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ፣ ከአንድ የስደተኞች ቢሮ ደጅ ላይ፤ ግቢ ቢሉሽ አትገቢም፣ ስምሽ ሲጠራ ብቻ ነው የምትነሺው። በሩ ላይ ተመልሼ ቆምኩና፣ ከወረቀት ላይ እንደሚያነብ ጸሐፊ፣ ያለ እትዬ፣ ያለ ምንም፣ «ዶሪን ፔል!» ብዬ ጠራሁ። «አለሁ!» አሉና በረዶውን እየረገጡ መጡ።

እግራቸውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ ጣቶቻቸው ቀስ በቀስ ቀላ ሲሉ እያየሁ፣ የእግዚአብሔርን ስም እየጠራሁ ሳለ ሊንዚ ደረሰች። የበሩ መከፈት ስልኳ ላይ መልእክት ልኮላት ነው። ኮቷን ሳታወልቅ፣ ከጫማዋ በረዶው ምንጣፉ ላይ እየቀለጠ፣ መጀመሪያ የእናቷን እግር አየች፣ ቀጥሎ እኔን። መዋሸት እችል ነበር። ልብስ ላወጣ ወረድኩ፣ እሳቸው ተነስተው ወጡ፣ አለቀ፤ የሚረሱ ሰው ናቸው፣ ማን ይጠይቀኛል? ካሜራውም ቢሆን አሁን ገና ልታየው ነው። ምላሴ ግን አልታዘዝ አለ። «ውጪ ያልኳት እኔ ነኝ» አልኳት። «ጋኔን አለባት ብዬ።» ሊንዚ አልጮኸችም። ቢጮኹብኝ እመርጣለሁ። ስልኳን አወጣችና ኤጀንሲው ጋ ደወለች፣ ጠብቂ ብለው ሙዚቃ ከፈቱባት፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። በታብሌቷ ደግሞ የካሜራውን ቪዲዮ ከፈተች። ያ ሙዚቃ እየተጫወተ፣ የኔ ጩኸት «ስምህ ማነው?» ሲል ሰማሁት። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ።

ሊንዚ አየች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ኤልሲ» አለች በሹክሹክታ። «ይቺ ኤልሲ ናት።» ምን እንደምትል አልገባኝም። «የእሁድ ማታ ድራማ ነበር። ሦስት ዓመት ሻይ አቀረበች። መራመድ ስጀምር ተጀምሮ ትምህርት ቤት ስገባ ያለቀ።» ሚስስ ክሮል ስትመጣ፣ «ይቺ አንድ ክፍል ብቻ ናት፤ ያን ሳምንት ኩፍኝ ይዞኝ ጎረቤት ቤት ነው የተኛሁት» አለች። «ሲስተር አግነስ ፊልም ነው። ስፔን ሄደው ቀረጹት። ሰባተኛ ልደቴ ያን ጊዜ አለፈ።» ማዳም ኦርላ የአስፈሪ ፊልም ጠንቋይ ነበረች፤ ሊንዚ ከጓደኞቿ ጋር ሲኒማ ቤት ገብታ፣ እናቷ መሆኗን ሳታውቅ ፈርታ ወጥታለች። «ጥፊዋስ የማን ናት?» አልኳት ሳላስበው፣ ጉንጬን ይዤ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣች። «አማቲቱ! የጥፊውን ድምፅ በሌላ እጇ እያጨበጨበች ነው የምታወጣው። አሥራ አንድ ዓመት በሳምንት ሁለት ቀን ቴሌቪዥን ላይ። ሰው ገበያ ውስጥ ይሰድባት ነበር፣ እኔን ትምህርት ቤት ይሰድቡኝ ነበር። አንድም ጊዜ ዋና ሆና አታውቅም። ሁልጊዜ ሻይ ታቀርባለች፣ ሁልጊዜ ሌላው ሰው ነው የሚጠጣው።»  አራት ወር ሙሉ ያጠብኳቸው፣ ያበጠርኳቸው ሴትዮ ተዋናይ ናቸው! ደሜ ፈላ። «ፋይሉ ላይ የቤት እመቤት ነው የሚለው!» አልኳት፤ ጥፋተኛዋ እኔ፣ ተቆጪዋም እኔ። ሊንዚ ታብሌቱን ዘጋችው። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች። «ቢያንስ ወረቀት ላይ ቤት ትዋል ብዬ።»

  ሙዚቃው ቀጠለ፤ ጥሪዎ ለእኛ አስፈላጊ ነው ይላል በየመሃሉ። ሊንዚ እናቷን ቆማ ታያቸዋለች፣ እሳቸው ደግሞ እግራቸው ውሃ ውስጥ ሆኖ በእግር ጣታቸው ውሃውን ያማስላሉ። «ሰባት ዓመት» አለች። «ለኔ አንዷን እንኳ አላሳየችኝም። ምን ብለሽ ነው እነኤልሲን ያወጣሻቸው?» «ስሟን ጠየቅኳት» አልኩ፣ «ሌላ ምንም።» ሊንዚ ኮቷን አወለቀች። ወንበር ስባ፣ ከእናቷ ትይዩ ሳይሆን አጠገባቸው ተቀመጠች። «በይ ጠይቂያት» አለችኝ።

ፎጣ አነሳሁና የእትዬ ዶሪንን እግር አደረቅሁ። ከዚያ፣ አሁን ድምፄን ሳላወፍር፣ «ስምዎ ማነው?» አልኩ። ሊንዚን አዩአት።  ትከሻቸው ወደ ውስጥ ገባ፣ ሁለቱ ጉልበቶች ተገጣጠሙ፣ የቀኝ እጃቸው የሌለ ቦርሳ ማንገቻ ጨበጠ፤ ዓይኔ እያየ ትንሽ ሆኑ። «ሊንዚ» አሉ፣ በትንሽዬ ልጅ ድምፅ። «ስድስት ዓመቴ ነው። ውጪ ቆዪ ተብያለሁ። እማዬ ስትጨርስ ትጠራኛለች።» የአንድ የቀረጻ ስቱዲዮ በር የሚያዩ መሰሉ። «አልበረደኝም» አሉ ደግሞ፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ። ሊንዚ አፏን በእጇ ያዘች። ያቺ የማታለቅሰው፣ እንጆሪ አስቀምጣ የምትሄደው ሴት፣ ከወገቧ እጥፍ አለች። እሳቸው ይጠብቃሉ፤ ዝም ብለው በሩን እያዩ ይጠብቃሉ። እኔ ነኝ መጥራት ያለብኝ ወይስ ማን? ሊንዚ ቀና አለች። ጉሮሮዋን ጠራረገችና፣ የእናቷን አነጋገር፣ ያንን የእንግሊዝ አገሩን፣ ቁርጥ አድርጋ አወጣችው።

«ሊንዚ። ነይ ግቢ፣ የኔ ቆንጆ። ጨርሻለሁ።»

እትዬ ዶሪን ፊታቸው በራ። ራሳቸውን ልጃቸው ደረት ላይ ጣሉ። እኔ ፎጣውን ፊቴ ላይ አድርጌ ተንሰቀሰቅሁ። ጥቂት ቆይተው ቀና አሉና፣ የልጅቷም ያልሆነ፣ የገረዷም ያልሆነ፣ በራሳቸው ድምፅ፣ «ደህና ወጣ? ወይስ እንድገመው?» ብለው ጠየቁ። ሊንዚ ደነገጠች። ፊቷን አየሁት፤ እውነት የመሰላት ነገር ከእጇ ሊያመልጥ ነው። እናቷን አየቻቸው፣ አየቻቸው። ከዚያ ጸጉራቸውን ከግንባራቸው ላይ ገለል አድርጋ፣ «እንድገመው» አለች።

ልክ በዚያን ጊዜ ሙዚቃው ቆመ። «ሄሎ?» አለ ከጠረጴዛው ላይ የኤጀንሲዋ ሴት ድምፅ። «ሄሎ? ማን ልበል?» ሊንዚ አልሰማችም፣ ወይም ሰምታ ተወችው። ስልኩ አጠገብ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ቀዩን ምልክት ብነካው ይዘጋል። ከኋላዬ ትንሿ ልጅ አሁንም ውጪ ቆማ አልበረደኝም ትላለች። ሴትዮዋ «ማን ልበል?» ብላ ደገመች። ስልኩን አነሳሁና «የትምወርቅ ነኝ» አልኳት፤ ከጥፊው ጀምሬ ነገርኳት።